መስኮታችን ፊት የተተከለው ሞተር

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት እኔና እናቴ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ የአንድ ባለ ፎቅ ቤት ታችኛውን ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አከራያችን ከነቤተሰቡ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። እናቴ ካርቱም የገባችው በስደት ነው፤ እዚያው ሱዳናዊ አግብታ እኔን ወለደች። አባቴ ከሞተ በኋላ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ግማሽ ጎኗ አይታዘዝላትም፤ ከአልጋ የምትነሣው እኔ ስደግፋት ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሲሞቀው ጥላ ፍለጋ ይወጣል። እሷ የት ትሄዳለች?

ክፍሉን ማቀዝቀዝ የእኔ ሥራ ነበር፤ እችልበትም ነበር። ፀሐይ ሳትበረታ የፊት ለፊቱን መስኮት ዘግቼ ወፍራም መጋረጃ እጥልበታለሁ። በውሃ የሚሠራውን ማቀዝቀዣችንን፣ እዚያ ሙከይፍ የምንለውን፣ ውሃው የሚንጠባጠብበትን ገለባ እያወጣሁ አጥባለሁ፤ ጨው ከያዘ አየር አያሳልፍም። ከሁሉም በላይ ግን የጓሮው መስኮት ክፍት መሆን አለበት። እርጥቡ አየር መውጫ ካጣ ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ የፈላ ድስት ክዳን ሥር እንደመቀመጥ ነው። መውጫ ካገኘ ግን በጥቂት መብራት ቀኑን ሙሉ ይቀዘቅዛል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እናቴ ላብ አጥምቋት አገኘኋት። ሙከይፉ ይሠራል፤ የጓሮው መስኮት ግን ተዘግቷል።

“ማነው የዘጋው?”

“ጎረቤታችንን ለምኜ ነው ያዘጋሁት። እሳት ይገባል።”

ስከፍተው ወላፈን ፊቴን ገረፈኝ። አከራያችን ለሳሎኑ ስፕሊት የሚሉትን ባለ ሞተር አዲስ ማቀዝቀዣ አስገብቶ የውጭ ሞተሩን ከመስኮታችን ፊት አስተክሎታል። ከቤቱ ያባረረውን ሙቀት ሁሉ እናቴ አልጋ ላይ ይተፋዋል።

ላይ ወጥቼ በሩን አንኳኳሁ። “ያ ሐጅ፣” አልኩት በትሕትና፣ “ሞተሩ የሚተፋው እኛ ላይ ነው። እናቴ መነሣት እንደማትችል ያውቃሉ። እባክዎ ጣሪያ ላይ ይውጣልን።”

“መስኮቱን ዝጊዋ፣ ያ ቢቲ።” ‘ልጄ’ ማለቱ ነው።

“ከተዘጋ ሙከይፉ አይሠራም። እርጥበቱ መውጫ ያጣል።”

“እንግዲያው እናንተም ስፕሊት አስገቡ” ብሎ ሳቀ። ከኋላው ማንም ያልተቀመጠበት ሳሎን ይቀዘቅዛል። በሩን ወለል አድርጎ ስለነበር ብርዱ እየሾለከ እግሬን ይነካኛል። ለእናቴ የነፈገውን ለደረጃው ይሰጠዋል!

ደግሜ ሄድኩ። “ኢንሻላህ፣ ነገ።” ሌላም ጊዜ ሄድኩ። “ኢንሻላህ።” ጆንያ በውሃ ነክሬ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ፤ ዞር ሳልል ሞተሩ አደረቀው። የእሱ ስፕሊት በተነሣ ቁጥር ደግሞ መብራቱ ይደክምና የእኛ ሙከይፍ ያቃስታል።

“ተዪው ልጄ” ትለኛለች እናቴ። “የሰው አገር ነው። ቢያስወጣንስ?”

“የማን ሰው አገር? እኔ የተወለድኩት እዚህ አይደል?” ብዬ ጮኽኩ።

“አንቺ ተወለድሽ” አለች በደረቀ ከንፈሯ። “እኔ ግን እንግዳ ነኝ።” ከእሱ ሳቅ ይልቅ ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የአከራያችን እናት ግድግዳ እየደገፉ ወረዱ። ሰፈሩ ሁሉ ሐቦባ፣ አያት፣ የሚላቸው ሴት ናቸው። የስፕሊቱ ብርድ አጥንቴን ቆረጠመኝ አሉና እናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆዩ መተንፈስ አቃታቸው።

“ይህን መስኮት ለምን ትዘጊዋለሽ? ክፈቺው እንጂ!”

ከፈትኩት። ሐቦባ የተከናነቡበትን ቶብ ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። ወደ ሞተሩ አዩ፤ ወደ እናቴ አዩ። ከዚያ በሩ ላይ ቆመው ወደ ላይ ተጣሩ።

“አንተ! ውረድ!”

ወረደ። መስኮቱ ፊት በርጩማ ላይ አስቀመጡት። “እኔ እስክነሣ አትነሣም” አሉትና ከእናቴ ጋር ስለ ጉልበት ሕመም ማውራት ያዙ። ጀላቢያው ጀርባው ላይ እየተለጠፈ ሄደ። ላቡን በእጁ ይጠርጋል፤ መልሶ ይጠርጋል።

“ኸላስ፣ ያ ኡሚ፣ ይበቃል እናቴ።”

“ገና ነው” አሉት ሐቦባ ወደ እሱ እንኳ ሳይዞሩ።

በማግሥቱ ሞተሩ ጣሪያ ላይ ወጣ።

እሱም መጣና እናቴን “ማዓሌሽ፣ ይቅርታ፤ አላወቅኩም ነበር” አላት። አላወቅኩም! ደጁ ላይ ስመላለስ የቆየሁት ምን ልነግረው ነበር? ሐቦባ ያሳዩት እኔ የነገርኩትን ነው፤ አንድም የጨመሩት የለም። እኔን ግን ቀና ብሎም ሳያየኝ ወጣ። እናቴ ከኋላው መረቀችው።

“ደግ ሰው ነው፤ አየሽ?” አለችኝ። መስኮቱ ተከፍቶ፣ አየሩ መውጫውን አግኝቶ፣ ፊቷ ላይ ላብ የሚባል አልነበረም። ሙከይፉ ውስጥ ውሃ ልጨምር ወጣሁና ባልዲውን ከቧንቧው ሥር ወረወርኩት፤ ላይ ድረስ እንዲሰማ ብዬ።