በዘምዘም የታጠበው የባሕር እንጨት

ድሬሰር ጀማሉዲንን የመካነ ሰላም ከተማ ሰው «ሻጋታው» ይለው ነበር። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ፈንታሁን፣ የክሊኒኩ ካርድ ጸሐፊ ነኝ፤ ዛሬ ይቆጨኛል። የሻገተ ዳቦና ድንች በብርጭቆ ከድኖ መስኮት ላይ ይደረድራል፤ መግል ጠብ ያደርግበትና በማግስቱ ሻጋታው መግሉን ያደርቀው እንደሆነ አጎንብሶ ሲያይ ይውላል። «ፔኒሲሊንም የወጣው ከሻጋታ ነው» ይለኛል። «እንግዲያው የኔ ቤት ፋርማሲ ነው» እለዋለሁ።

እህቱ ኑርጃን በወለደች በሳምንቷ በትኩሳት ሞታበታለች። ፔኒሲሊኑን በገዛ እጁ ወግቷት ነበር፤ አልሠራም። ከዚያ ወዲህ የሰው ሳቅ አይሰማውም።

በ1962 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያለ የቀድሞ አስተማሪው ጻፈለት። የባሕር ሻጋታ ገና እምብዛም አልተመረመረም፤ ካገኘህ ላክልኝ፣ እመረምረዋለሁ የሚል ነው። ጀማሉዲን ባሕር አይቶ አያውቅም። ያን ዓመት ግን በልጅነቱ ቁርአን ያስተማሩት ሼህ ሷሊህ በምጽዋ በኩል ሐጅ ሊሄዱ ተነሡ።

«ሼኻ፣ ለመድኃኒት የሚሆነኝ ባሕር ውስጥ የከረመ ስባሪ እንጨት ቢያመጡልኝ» ሲል ለመናቸው። ሻጋታ የሚለው ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። ሐጅ የሚሄድ ሰው እንዴት ቆሻሻ ተሸከም ይባላል? ይሉኝታ ያዘው።

ሼሁ ሲመለሱ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ እንጨት ሰጡት። ሲፈታው ጥርት ብሏል።

«የጀልባ ስባሪ ነው» አሉ ደስ ብሏቸው። «አረንጓዴ ነገር ወርሶት ነበር። እንዲህ ያለ ነጃሳ ላንተ አልሰጥም ብዬ ፈትጌ አጠብኩት። በምን መሰለህ? ስሞት ከፈኔ እንዲነከርበት ከመካ በያዝኩት የዘምዘም ውሃ! ጠብታ አልቀረኝም። አብሽር ልጄ፣ ከዚህማ መድኃኒት አይጠፋም።»

ጀማሉዲን እንጨቱን እንደያዘ ቆመ። አሁን ይናገራል ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ። የአዲስ አበባው አስተማሪው በዓመቱ ውጭ አገር ሄደ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ሼሁ ግን በየጁምዓው ከሶላት ሲመለሱ ክሊኒኩ በር ላይ ብቅ ይላሉ። «መድኃኒቱ ደረሰ ወይ?»

«ገና ነው፣ ሼኻ።»

ሦስት ዓመት ዋሸ። በሦስተኛው ዓመት ጀርባቸው ላይ እበጥ ወጣ፤ ፔኒሲሊኑ ለእሳቸውም አልሠራም። «እውነቱን ንገራቸው እንጂ፣ እስከ መቃብር ልትዋሽ ነው?» ብዬ ተቆጣሁት። ቆርጦ ተነሣና አብረን ሼሁ ቤት ሄድን። አፉን ሳይከፍት እጁን ያዙት።

«የእንጨቱን መድኃኒት ልትሰጠኝ እንደመጣህ ገብቶኛል» አሉ። «በሽማግሌ ላይ አታባክነው። እንደ ኑርጃን ላለች ወላድ አስቀምጠው።»

«እሺ» አለ ጀማሉዲን።

በማግስቱ ሼህ ሷሊህ ያለ ዘምዘም ተከፈኑ። ከቀብር ስንመለስ ጀማሉዲን መንገድ ላይ ቆመና፣ «ቤትህ የሻገተ ነገር አለ?» አለኝ።

አልሳቅሁም። ሄጄ አመጣሁለት።