አባቴ ዝናቡ ጥሩ ነው አለ

የእንግሊዝኛ መምህር የሆንኩት ሣጥኔ ውስጥ በነበረ አንድ መጽሐፍ ምክንያት ነው። የሠለጠንኩት ጂኦግራፊ ለማስተማር ነበር። በመስከረም 1973 ዓ.ም. የምደባ ደብዳቤዬን ዳንግላ ተቀብዬ ቆሰበር ስወርድ፣ የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር አቶ ፈንታሁን አውቶቡሱ ድረስ መጥተው ሣጥኔን አብረውኝ አወረዱ። ክዳኑ ተከፈተና ከልብሴ በላይ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ ታየ።

«የማን ነው?» አሉኝ።

«የራሴ ነው፤ ተማሪ ሳለሁ የገዛሁት።»

«የእንግሊዝኛው መምህራችን ነሐሴ ላይ ተዛውሯል፤ መጽሐፉንም ይዞት ሄዷል። ጂኦግራፊውን እኔም ብሆን አላጣውም፣ ካርታ አለን። እንግሊዝኛውን መጽሐፉ ያለው ሰው ይያዘው።»

አልተከራከርኩም። አዲስ ተቀጣሪ የአንድ የትምህርት ዓመት የሙከራ ጊዜ ነበረበት። በዓመቱ ውስጥ ርእሰ መምህሩ የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ሞልቶ ዳንግላ ወዳለው የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ይልካል፤ ተቀጣሪው በዚያ ቅጽ መሠረት ወይ ቋሚ ይሆናል፣ ወይ ይሰናበታል።

ትምህርት ቤቱ ከቆሰበር ወጣ ብሎ በዘንገና ሐይቅ በኩል ያለ፣ በቀርቀሃ የታጠረ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ነበር። ደወሉ ጽድ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። የስምንተኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ የባትሪ ድንጋይ ተወቅጦ የተቀባ ጣውላ ነበር፤ ጠመኔ ሲያልፍበት ይፋጫል። በመጀመሪያው ቀን አምሳ ስምንት ተማሪዎች ተነሥተው ሰላምታዬን መለሱና ተቀመጡ። አንዲት ልጅ ብቻ ቆማ ቀረች።

«ምን ፈለግሽ?» አልኳት።

«መምህር፣ እኛ ቤት የምንናገረው አገውኛ ነው። አማርኛን እዚህ ነው የተማርነው። ይኸ ሦስተኛችን ነውና ቀስ ይበሉልን።»

ስሟ ስንዱ ይባላል። እኔም ቀስ አልኩላቸው።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ወደ ቀጥተኛና ኢ-ቀጥተኛ ንግግር ደረስን። ከስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና የማይቀር ርእስ ስለነበረ ሦስት ሳምንት መደብኩለት። ዘዴዬ ቀላል ነበር። አንድ ተማሪ ከፊት ሆኖ ይናገራል፤ ሁለተኛው ቃሉን ተቀብሎ ክፍሉን ያቋርጣል፤ ከኋላ ለተቀመጠው ሦስተኛ ተማሪ «ሂ ሴድ ዛት» ብሎ ያደርሳል። ተላላኪው ግሡን ወደ ኃላፊ ጊዜ መመለስና ተውላጠ ስሙን መለወጥ አለበት። ሌላ ምንም አይለውጥም።

በመጀመሪያው ልምምድ ከፊት የቆመው ተማሪ «በሬህ ገብሴን በላው፤ አንተ ግድ የለሽ ሰው ነህ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ተናገረ። ተላላኪዋ ስንዱ ነበረች። ክፍሉን አቋርጣ ከኋላ በተቀመጠው ተማሪ ፊት ቆመች። ግሡን በሚገባ መለሰች፣ ተውላጠ ስሙንም በሚገባ ለወጠች። ያደረሰችው ቃል ግን «በሬህ ደህና መሆኑን ጠየቀ፤ ብታስረው ደስ እንደሚለውም ተናገረ» የሚል ነበር።

«ስንዱ፣ ገብሱስ?» አልኳት።

«የገብሱን ነገር በሬውን ሲያስር ያውቀዋል፣ መምህር።»

«ግድ የለሽ የሚለውስ?»

«እሱን መንገድ ላይ ጣልኩት።»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን ቀጥሎ የላክሁትም እንደዚሁ አደረገ፤ ከእርሱ ቀጥሎ የላክሁትም። ዐሥር ተላላኪ ብቀያይር ዐሥሩም አስታራቂ ሆኑብኝ። በዚያ አገር ልጅ በተኳረፉ ጎረቤታሞች መካከል ሲላክ ክፉውን ቃል እንዳለ አያደርስም። እንዳለ ያደረሰ እንደሆነ ነገረኛ ይባላል፤ አባቱም ይገሥጸዋል። ልጆቹ ሰዋስውን ከአስተዳደጋቸው ጋር አብረው ሊጠብቁ እየሞከሩ ነበር። ፈታኙ ግን አስተዳደግን አያርምም።

ስለዚህ በቃል መታመንን ላስተምራቸው አሰብኩ። በመጋቢት ወር በአንድ ዓርብ የሚከተለውን የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ በቤታችሁ ውስጥ ሰዎች የተናገሩትን ሦስት ዓረፍተ ነገር አድምጡ፤ በመጀመሪያ ቃሉን እንዳለ፣ ቀጥሎም በኢ-ቀጥተኛ ንግግር በእንግሊዝኛ ጻፉ። ከዐሥር ነጥብ ሁለቱን ለቃል ታማኝነት መደብኩ። አቶ ፈንታሁን የሳምንቱን የትምህርት ዕቅድ አይተው ፈረሙበት። በዕቅዱ ኮርቼ ነበር።

ሰኞ ሠላሳ ዘጠኝ ደብተር ተሰበሰበ። ዐሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች አልመጡም። ማክሰኞ ጠዋት ስም ስጠራ በክፍሉ የነበሩት ዐሥራ አራት ብቻ ናቸው።

አቶ ፈንታሁን ስም መጥሪያውን ተመለከቱ። «የተፈታኞች ዝርዝር በወሩ መጨረሻ ዳንግላ ይገባል። ከክፍል የጠፋ ተማሪ አይመዘገብም። ያንተንም ቅጽ የምሞላው በዚያው ሰሞን ነው» አሉኝ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

እረፍት ላይ አያ ተገኘ መጡ። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢና የስንዱ አባት ናቸው። ወንበር ስሰጣቸው አልተቀመጡም።

«መምህር፣ እኛ ምን በደልንህ?» አሉኝ።

«ምን ሆኑ አያ ተገኘ?»

«ቅዳሜ እራት ልንበላ ስንል ልጄ ደብተሯን ዘርግታ ፊቴ ተቀመጠች። ‹አባ፣ የሆነ ነገር ተናገር› አለችኝ። ምን ልናገር?»

«ማንኛውንም ነገር። ስለ ዝናቡም ቢሆን።»

«ስለ ዝናቡ! ዘንድሮ ዝናብ ጠፋ ብል ማን አጠፋው ብለህ ነው ይሉኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ድዳ ነው። ላሟ ስትጮህ እንኳ ሚስቴ ‹ዝም በይ፣ ይጽፉብሻል› ትላለች።»

ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም። ያ ጊዜ ሰው በገበያ በተናገረው ቃል የሚታሰርበት ጊዜ ነበር። እኔ በአምሳ ስምንት ቤቶች ውስጥ፣ በየምድጃው አጠገብ፣ እርሳስና ደብተር የያዘ ልጅ አስቀምጬ ነበር። ምን እንደሠራሁ የገባኝ እዚያው ቆሜ ነው።

«ለሰዋስው ነበር፣ አያ» አልኳቸው።

«ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ደብተሩ ግን ማን እጅ እንደሚገባ አታውቅም» ብለውኝ ወጡ።

ያሉትም አልዘገየም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ካድሬ በሞተር ብስክሌት መጣ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ስለ ቤት ሥራው ሰምቶ ነበር።

«ጓድ መምህር፣ ግሩም ዘዴ ነው» አለ። «ሰፊው ሕዝብ በቤቱ የሚለውን ለማወቅ ይጠቅመናል። ደብተሮቹን ልውሰዳቸው።»

«ገና አላረምኳቸውም፣ ጓድ። ያልታረመ ደብተር ከትምህርት ቤት አይወጣም።»

«መቼ ይታረማሉ?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ እመለሳለሁ» ብሎ ሞተሩን አስነሣ።

አቶ ፈንታሁን የቢሮውን በር ዘጉ። «ቢቃጠሉስ?» አሉኝ በዝግታ።

«ካቃጠልናቸው የሚቃጠል ነገር ነበረባቸው ማለት ይሆናል።»

«እንግዲያው ቶሎ ብለህ አንብባቸው።»

ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ደብተር የገለጥኩት በፍርሃት ነበር። «አባቴ ዝናቡ ጥሩ ነው አለ» ይላል። ሁለተኛው «እናቴ ጨው በሱቅ ሞልቷል አለች» ይላል። ሦስተኛው «አያቴ በሁሉም ሰው ደስ ብሎታል አለ» ይላል። ከጥር ወዲህ አንዲት ጠብታ አልወረደችም፤ ጨውም ከሱቁ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። ሠላሳ ዘጠኙንም ጨረስኩ። ልጆቹ ክፉውን ቃል ሁሉ መንገድ ላይ ጥለውት ነበር።

አንዱ ደብተር ብቻ ይለያል፤ የስንዱ ነው። ሦስቱንም ዓረፍተ ነገር አንድ ዓይነት አድርጋ ጽፋለች፦ «አባቴ የምናገረው የለኝም አለ።»

በዚያው ዕለት ማታ ወደ አያ ተገኘ ቤት ሄድኩ። ወላጆች በማግሥቱ ልጆቻቸውን ይዘው እንዲመጡና በደብተሮቹ የተጻፈውን በጆሯቸው እንዲሰሙ ለመንኳቸው። የማይፈልገውን ያገኘ ደብተሩን ይዞ መሄድ ይችላል አልኳቸው። ረቡዕ ጠዋት ጽዱ ሥር ከጠበቅሁት በላይ ሰው ተሰበሰበ። እያንዳንዱ ልጅ በእንግሊዝኛ ያነባል፣ ከዚያ ለወላጆቹ በአገውኛ ይናገራል። እኔ አገውኛ ስለማልችል አያ ተገኘ አጠገቤ ተቀምጠው ያስረዱኝ ነበር።

የመጀመሪያው ልጅ «አባቴ ዝናቡ ጥሩ ነው አለ» ብሎ አነበበ። አባትየው ሰማዩን ቀና ብሎ አየ።

«እኔ? መቼ?»

«ብለሃል!» አለች ሚስቱ ጎኑን ጎሸም አድርጋ። «ዝም ብለህ ስማ፣ አንተ ሰውዬ።»

ቀጥሎ የጨው ነገር ተነበበ። እናትየው «ኧረ እኔስ ያልኩት…» ብላ ስትጀምር ጎረቤቷ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘቻት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳላለ ለመስማት እየተጠጉ መጡ። አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸው ሲያነብ ሰምተው «ይኸ ልጅ ከእኔ የተሻለ ሰው አድርጎኛል፤ እንዲህ አድርጎ ይጻፈኝ» አሉ።

የስንዱ ተራ በመጨረሻ ደረሰ። አነበበች፤ በአገውኛም ደገመችው። ሳቁ ቆመ። አያ ተገኘ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ይኸኛው የኔ ቃል ነው» አሉ። «አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም።»

«ልቅደደው አያ?» አልኳቸው በዝግታ።

«ለምን? ቃሌ አይደለም እንዴ? ይቀመጥ።»

ተነሥቼ ጥፋቴን ለጉባኤው ተናገርኩ። ከእንግዲህ ከቤት ቃል አምጡ እንደማልልም ቃል ገባሁ። ደብተሩን ይዞ የሄደ ወላጅ አልነበረም። ሐሙስ ጠዋት ስም ስጠራ የቀረ ተማሪ አላገኘሁም።

ካድሬው በቀጠሮው መጣ። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ እንድተረጉምለት አዘዘኝ። ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ዐሥረኛው ደብተር ላይ አስቆመኝ።

«ሁሉም ስለ ዝናብ ነው እንዴ?»

«ስለ ጨውም አለ፣ ጓድ።»

በመስኮቱ ወደ ሜዳው ተመለከተ። ነፋሱ አቧራውን ያዞረው ነበር። «የት ነው የዘነበው?»

«የአምናውን ይሆናል።»

በራሱ እጅ ከመካከል አንድ ደብተር መዘዘ፤ የስንዱ ሆነ። ተረጎምኩለት። ሽፋኑን ገልብጦ የአባቷን ስም አነበበ።

«ይኸ ሰውዬ ለምንድን ነው የሚናገረው የሌለው?»

አቶ ፈንታሁን በሩ አጠገብ ቆመው ነበር፤ እጃቸውን ወደ ኋላ ሲያጣምሩ አየሁ።

«ጓድ፣ ሌሎቹ ስለ ዝናቡ ተናግረዋል» አልኩ። «ለእርሳቸው የተረፈ አልነበረም።»

 ካድሬው ሳቀና ደብተሮቹን ወደ እኔ ገፋቸው። «ይኸ ሕዝብ ስለ አየር ሁኔታ ብዙ ያውቃል» ብሎ ሄደ። በዚህ ጉዳይ ዳግም አልመጣም።

በውጤት መዝገቡ ላይ ለቃል ታማኝነት የመደብኩትን ሁለት ነጥብ ሰረዝኩና ከስምንት አረምኩ። ስንዱ ስምንት ከስምንት አገኘች። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የምሳሌዎቼን ተናጋሪዎች ጅብና አህያ አደረግኋቸው። ልጆቹ ጅብንና አህያን የማስታረቅ ግዴታ አልተሰማቸውም። ስንዱ የጅቡን ስድብ ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል ሳትጥል አደረሰች።

አምሳ ስምንቱም ተመዝግበው ተፈተኑ። ስንዱ አልፋ ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት ዳንግላ ወረደች። አያ ተገኘም ከዚያ በኋላ ባገኙኝ ቁጥር «መምህር፣ ዝናቡ እንዴት ነው?» ይሉኝ ነበር።

በአፈጻጸም ቅጹ ላይ «ከወላጆች ጋር ያለው ግንኙነት» በሚለው ረድፍ አቶ ፈንታሁን «በጣም ጥሩ» ብለው ጻፉ።

«ልጆቻቸውን ያስቀረሁባቸው እኔ ነኝ እኮ» አልኳቸው።

«መልሰህ ያመጣሃቸውም አንተ ነህ። ቅጹ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማርኩ፤ ብዙ የቤት ሥራም ሰጠሁ። የተማርኩት ይህን ነው፦ መምህር የቤት ሥራ ከመስጠቱ በፊት ቤቱን ማሰብ አለበት።

በዚያ የመጀመሪያ ዓመት በሰኔ ማብቂያ አቶ ፈንታሁን ከዳንግላ ሲመለሱ ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሆነው «ጸድቆልሃል!» አሉኝ። እርሳቸውን አምናቸዋለሁ፤ ሥራዬ ስለሆነ ግን ደብዳቤውን ተቀብዬ ቃሉን እንዳለ አነበብኩ። «የሙከራ ጊዜዎን በሚገባ ስላጠናቀቁ በቋሚነት የተቀጠሩ መሆኑን እናስታውቃለን» ይላል። የተጻፈበት ቀን ሰኔ 24 ቀን 1973 ዓ.ም. ነው።