አርፋ የማትቀመጠው መንትያ

በአንድ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት ስምሪት ክፍል ውስጥ የምትሠራ ሴት ነበረች። ወንበር ተሰጥቷት ቆማ ስለምትውል ሾፌሮቹ «ሞተሯ» ይሏታል። በአንድ እጇ ሬዲዮ፣ በሌላው ስልክ ይዛ ከመስኮቱ ወደ ሰሌዳው፣ ከሰሌዳው ወደ መስኮቱ ትመላለሳለች። ቤቷም ገብታ ያው ናት። ባሏ «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ለወለሉ እዘኚለት!» እያለ ይስቅባታል።

መንትያ እህት አለቻት። እህቷ በወጣትነቷ አንድ ሻንጣ አንጠልጥላ ሩቅ አገር ወዳለ የቡድሃ ገዳም ሄደችና ጸጉሯን ተላጭታ መነኮሰች። እናታቸው ስትታመም፣ አልጋ ላይ ስትውል፣ በመጨረሻም ስታርፍ ቤቷ አምጥታ አጠገቧ የነበረችው ሞተሯ ብቻ ነበረች። መነኩሲቷ አልፎ አልፎ ስልክ ትደውላለች፤ ሞተሯ ባጭር ባጭሩ መልሳ ትዘጋለች። ሆዷ ውስጥ የቋጠረችው ነገር ግን ብዙ ነበር።

አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለች አንድ የአንጎል ሐኪም ደወለላት። ለዓመታት በተመስጦ የሚቀመጡ ሰዎች አንጎላቸው ይለወጥ እንደሆነ የሚያጠና ሰው ነው። እህቷ ለጥናቱ ፈቅዳለች።

«አንዷ በተመስጦ የኖረች፣ ሌላዋ ያልሞከረች መንትዮችን ማግኘት ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው» አላት።

«እሷ የተስተካከለችው፣ እኔ የተበላሸሁት መሆኔ ነዋ!»

«ኧረ በፍጹም! ለማነጻጸር ብቻ ነው።»

«እኔስ ሌላ ምን አልኩ?» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

በማግስቱ ግን ራሷ ደውላ እሺ አለች። ጥናቱ ግድ ሰጥቷት አይደለም፤ እህቷን ፊት ለፊት አግኝታ ልትናገራት ነው።

በቀጠሮው ቀን ሆስፒታል ስትደርስ፣ እህቷ ቡናማ ልብሷን ለብሳ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣለች። ተቃቀፉ። ሞተሯ መንገድ ሙሉ ስታሰናዳው የመጣችው ንግግር ብን ብሎ ጠፋባትና «ከስተሻል» ብቻ አለች። ከዚያ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ትመላለስበት ጀመር። እህቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጸጥ ብላለች። ያ ጸጥታዋ የሞተሯን ደም አፈላው።

መጀመሪያ የገባችው መነኩሲቷ ናት። ማሽኑ እንደ ዋሻ የጠበበ ነው፤ ሲነሳ ደግሞ በመዶሻ የሚቀጠቅጡት ይመስላል። ውስጡ ተኝታ ትንፋሿን እንድትከታተል፣ ሐሳቧ ሲበርም ወደ ትንፋሿ እንድትመልሰው ተነገራት። ብዙም ሳይቆይ እጇ ላይ የሰጧትን ደወል ተጫነችው። ሲያወጧት ላብ አጥምቋታል፤ እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ።

«ይቅርታ፣ ጠባብ ቦታ አልችልም» አለች።

ሐኪሙ ግራ ገባው። «ካልሆነ እንተወዋለን፣ ምንም አይደል» ብሎ ውሃ ሊያመጣላት ወጣ።

ሞተሯን ደስ አላት። መደሰቷ ራሱ አናደዳት።

«ይህን ሁሉ ዓመት ተቀምጠሽ አሁንም ትፈሪያለሽ?»

«እፈራለሁ።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ ነበር የሄድሽው? እማዬ ስትሞት አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ ነበር!»

«አዎ፣ ቁጭ ብዬ ነበር» አለች እህቷ። «ግን አንድም ቀን አርፌ አልተቀመጥኩም። ሐሳቤ የሚውለው እማዬ አልጋ ሥር ነበር። አንቺ በእግርሽ ትመላለሻለሽ፤ እኔ እዚያው ተቀምጬ እመላለሳለሁ። መምጣት ግን ፈራሁ።»

ሞተሯ እስከ ዛሬ የተቆጣችው እህቴ ድንጋይ ነች ብላ ነበር። አሁን ፊቷ ያለው የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው።

ሐኪሙ ሲመለስ መነኩሲቷ «እህቴ አጠገቤ ከሆነች እንደገና እሞክራለሁ» አለችው። እሱም የሞተሯን ሰዓትና ጌጣጌጥ አስወልቆ፣ የጆሮ መድፈኛ ሰጥቶ አስገባት።

«እግሯን መያዝ ይችላሉ። ግን አደራዎን፣ እርስዎ ከተንቀሳቀሱ እሷም ትንቀሳቀሳለች፤ ምስሉ ይበላሽብናል።»

ማሽኑ መቀጥቀጥ ጀመረ። የእህቷ ቁርጭምጭሚት እጇ ውስጥ በረዶ ሆኗል። ወዲያው አፍንጫዋን በላት። እግሯ ልሂድ ልሂድ አላት። ሐሳቧ ወደ ስምሪት ክፍል በረረ፤ ማን ተክቷት ይሆን? የገበያው መስመር ተዘጋግቶ ይሆን? መለሰችው። አሁንም በረረ፤ እማዬ ጋ ሄደ። የእህቷን እግር ጠበቅ አድርጋ ያዘች እንጂ ንቅንቅ አላለችም። ሲያበቃ ጣቶቿ አልዘረጋ አሏት። ከዚያ እሷም በተራዋ ብቻዋን ገብታ ወጣች።

በሳምንቱ ሐኪሙ ምስሎቹን አሳያቸው። ምርመራው መሃል ሆን ተብሎ የተለቀቀውን ድንገተኛ ድምፅ ሲሰሙ የሁለቱም አንጎል እኩል ደንግጧል፤ የመነኩሲቷ ግን ትንሽ ቀደም ብሎ ተረጋግቷል። «ቢሆንም ከሁለት ሰው ተነስቶ ምንም ማለት አይቻልም» አለ። «እግሯ መያዙም የራሱ አስተዋጽኦ ሊኖረው ይችላል።»

«እኔንም የሚይዘኝ ቢኖር እረጋጋ ነበራ!» አለች ሞተሯ። መነኩሲቷን ሳቅ አመለጣት።

ያን ሰሞን መነኩሲቷ ያረፈችው ሞተሯ ቤት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ባሏ ወደ ሥራ ሲሄድ፣ ሞተሯ የእናታቸውን የመጨረሻ ወራት ከሥር ከመሠረቱ ነገረቻት፤ ክፍሉን እየዞረች። እህቷም ተቀመጪ አላለቻትም።

ስትጨርስ «የእማዬ አልጋ የት ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

ቦታው ላይ አሁን ቁም ሳጥን ቆሟል። ተጋግዘው ገፉት። ወለሉ ላይ የአልጋው እግሮች ያረፉባቸው አራት ምልክቶች አሉ። መነኩሲቷ መሃላቸው ቁጭ ብላ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሞተሯም እንባዋ እየወረደ አጠገቧ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች፤ ዓይኗ ግን ቁም ሳጥኑ ሥር የተጠራቀመው አቧራ ላይ ዐረፈ። ሄዳ መጥረጊያ አመጣች።

«ፈቀቅ በይልኝ እስቲ» አለቻት እያለቀሰች። «ልጥረገው።»