ከደንበኛ ጀርባ የሠራሁት የፊት ስፖርት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የለመደው ሚዶ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት አዲሶቹ ልጆች ፊቴ እንዴት እንደዳነ ይጠይቁኛል። አፌን ሞልቼ ማውራት ስለማይሆንልኝ ጻፍኩት።

ሮቤ ገበያው አጠገብ እትዬ ብርነሽ ፀጉር ቤት የገባሁ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እትዬ ብርነሽ ከሆሳዕና መጥተው ሮቤ ላይ ስም ያወጡ ባለሙያ ናቸው።

«ሰው ታፍሪያለሽ?» አሉኝ።

ሻሼን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ።

«እንግዲያው ሥራሽን አግኝተሻል። እዚህ የምታዪው ማጅራት ነው።»

እውነታቸውን ነበር። መጀመሪያ አጣቢ ሆንኩ። ቀጥሎ ፈቺ፤ የቆየ ሹሩባ ፀጉር ሳይነቅሉ መፍታት ማለት ነው። ከዚያ መስመር አውጪ። መስመር ከጠመመ ሹሩባው ሁሉ ይጠምማል፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ሠሪ ተባልኩ። ቦታዬ ከመጋረጃው ኋላ ነበር። የተሸፋፈኑ ሴቶች ወንድ እንዳያያቸው እዚያ ገብተው ይገለጣሉ። ትልቅ መስታወት፣ አንድ ወንበርና ተራ ጠባቂዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ አለ። ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት የአንዲት አስተማሪ ፀጉር እየሠራሁ ሚዶውን እንደ ልማዴ በከንፈሬ ያዝኩት። ሁለቱ እጆቻችን ፀጉር ሲይዙ አፋችን ሦስተኛ እጅ ይሆናል። ሚዶው ተንሸራቶ ጭናቸው ላይ ወደቀ። አንስቼ ያዝኩት፤ ደግሞ ወደቀ። ቀና ብዬ መስታወቱን ሳይ የፊቴ ቀኝ ግማሽ ወደ ታች ወርዷል። ደንግጬ ዐይኔን ጨፈንኩ። ግራው ተጨፈነ፤ ቀኙ አፍጥጦ ቀረ። በእሱ ራሴን አየሁት።

ወዲያው ሐኪሙ በዛ። አግዳሚው ላይ የነበረችው ሴት «ምች ነው» አለች፤ ዳማ ከሴ ታዘዘልኝ። ሌላዋ «የሚኒባስ መስኮት ብርድ ነው» አለች። ጎረቤታችን «ዓይን ነው፣ ቁርአን ይቀራባት» አሉ። እናቴ አንዱንም ሳትንቅ ሁሉንም አደረገችልኝና ጎባ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ዶክተሯ ቅንድብሽን አንሺ፣ ዐይንሽን ጨፍኚ፣ እጆችሽን ዘርጊ አሉኝ። ከዚያ «ከአንጎል የመጣ አይመስለኝም። የፊት ነርቭ ይመስለኛል» አሉ።

‹ይመስለኛል› የምትለዋ ቃል ሆዴ ውስጥ ተቀመጠች። መጠየቅ ግን አፈርኩ። እናቴ ጠየቀችልኝ።

«አሁን እርግጠኛ መሆን አንችልም» አሉ ዶክተሯ። «በማዝላት ኪኒንና በፊት ስፖርት ለውጥ ካሳየች ነርቩ ነው እንላለን። እጇ ወይም እግሯ ከደከመ ግን ዛሬ ነገ ሳትሉ አምጧት። ጭንቅላቷ በማሽን እንዲታይ ወደ ትልቅ ከተማ እንልካታለን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄን መጠበቅ ሆነ ሥራዬ። አንድ ጉንጉን ሲላላብኝ ‹እጄም ሄደ› እላለሁ። አንድ ቀን ይህንኑ ለእትዬ ብርነሽ ነገርኳቸው። መጥተው ጉንጉኑን ጎተት አድርገው አዩት።

«ይሄማ ድሮም ይላላብሽ ነበር!» አሉና ሄዱ። እንደዚያ ቀን ስድብ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስፖርቱን የሚያሠራኝ እዚያው ጎባ ሐኪም ቤት ያለ ኢብሳ የሚባል ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ነበር። የራሱ ፊት ፈገግ አይልም፤ የሌላውን ፊት ግን ያጫውታል።

«ጉንጭሽን ንፊ። ጥሩ። አሁን የሆነ ነገር እንደሸተተሽ አፍንጫሽን ሰብስቢ። አሁን አፏጪ።»

«ሴት ልጅ አታፏጭም» አልኩት።

«እዚህ ክፍል ታፏጫለች።»

በኃይል ሳይሆን ቀስ ብዬ፣ በየቀኑ፣ መስታወት እያየሁ እንድሠራ አዘዘኝ። ማታ ማታ ደግሞ ዐይኔን በፕላስተር ዘግቼ እንድተኛ። ፕላስተሩ ቀላል ነበር። መስታወቱ ግን ቸገረኝ። ቤታችን ያለው የመዳፍ ያህል ነው፤ እሱንም ሳወጣ ወንድሞቼ ከበው ይስቃሉ።

ስለዚህ ፀጉር ቤት ማድረግ ጀመርኩ። ፊቴን በሻሽ ግማሹን ሸፍኜ እውል ነበር። ደንበኛዋ አንገቷን ስትደፋ ሻሼን ዝቅ አደርግና እጄ እየጎነጎነ ጉንጬን እነፋለሁ። ቀና ስትል እሸፍናለሁ። ማንም አላወቀብኝም፤ አዴ ሐሊማ እስኪመጡ ድረስ።

አዴ ሐሊማ ከጊኒር የመጡ ከብት ነጋዴ ናቸው፤ አዴ በኦሮምኛ እንደ እትዬ ነው። ሮቤ ላለ ዘመዳቸው ሠርግ ፀጉር ሊሠሩ ገቡ። ፀጉራቸው ቅቤ ጠግቧል። አንገታቸውን ደፉልኝ፤ እኔም ስፖርቴን ጀመርኩ። አፍንጫ መሰብሰቡ ላይ ስደርስ ድንገት ቀና አሉ። መስታወቱ ውስጥ ዐይን ለዐይን ተገጣጠምን።

«ማል ጄቴ?» አሉኝ። ምን አልሽ ማለታቸው ነው። «ቅቤዬ ሸተተሽ?»

«ኧረ የለም፣ አዴ…»

«ምን የለም! እንዲህ አላደረግሽም?» አፍንጫቸውን ሰብስበው አሳዩኝ። «የገዛ ላሜ ቅቤ ነው! ለከተማ ልጅ ነው የሚሸተው?» ግማሹ የተሠራ ግማሹ የተበተነ ፀጉራቸውን ይዘው ተነሡ።

እትዬ ብርነሽ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ እኔን ያያሉ። መሬት ብትሰነጠቅ እገባ ነበር። ዝም ካልኩ ግን ሴትዮዋ ተሰድበው መሄዳቸው ነው፤ እኔም ሥራዬን ማጣቴ ነው። ሻሼን አወረድኩት።

«አዴ፣ ግማሽ ፊቴ አልታዘዝ ብሎኛል። ምን እንደሆነም በደንብ አልታወቀም። ስፖርት ታዝዞልኝ ነው። ሌላ መስታወት የለኝም።»

በሕይወቴ በሰው ፊት ረጅሙ ንግግሬ ይህ ነበር።

አዴ ሐሊማ ትክ ብለው አዩኝ። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እና ይሄ አፍንጫው ስፖርት ነው?»

«አዎ።»

«ሌላውስ?»

ጉንጬን ነፋሁ። አየሩ በቀኝ በኩል ፉስ ብሎ አመለጠ። እሳቸውም መስታወቱን እያዩ ነፉ።

«የኔስ?»

«የእርስዎ ጥሩ ነው።»

«ማሻአላህ በዪ እንጂ! እኔንም ልታጣምሚኝ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አግዳሚው ላይ ያሉት ጉንጫቸውን መንፋት ያዙ። አንዷ ማፏጨት ሞከረች፤ ምራቅ ብቻ ወጣ። እትዬ ብርነሽ «ቤቴን ምን አደረጋችሁት!» ብለው ወጡ። ስወጣ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ጀርባ ብቻቸውን ሲነፉ አገኘኋቸው።

ከዚያ በኋላ ሻሹ ፀጉሬ ላይ ብቻ ሆነ። ደንበኞች ራሳቸው «ራህማ፣ ዛሬ ስፖርት የለም?» ይላሉ። እኔ መስታወቱን እያየሁ እሠራለሁ፤ እነሱ ይከተሉኛል ወይም ይስቁብኛል። ውስጤ ያለው ፍርሃት ግን አልለቀቀኝም። ፊቴ እንደ ግድግዳ ዝም ባለ ቁጥር ትልቁ ከተማና ማሽኑ ይታዩኝ ነበር።

አንድ ቀን በደንበኛ ቀልድ ስስቅ እትዬ ብርነሽ ጮኹ።

«አትንቀሳቀሺ! አይ፣ ተንቀሳቀሺ! ደግመሽ ሳቂ!»

ሳቅሁ። የቀኝ ከንፈሬ ጫፍ ጥቂት ከፍ አለች። እኔ አልተሰማኝም ነበር፤ መስታወቱ ውስጥ ግን አየኋት። አልሐምዱሊላህ አልኩና ሥራዬን ጨርሼ አለቀስኩ።

የቀጠሮዬ ቀን ዶክተሯ ቅንድቤን አስነሡኝ፤ ሁለቱም ተነሡ። ዐይኔን አስጨፈኑኝ፤ ሁለቱም ተጨፈኑ።

«እንግዲህ የፊት ነርቭ ነበር ይመስለኛል» አሉ።

«አሁንም ይመስለኛል?» አልኳቸው። እኔ ራሴ ጠየቅሁ።

ሳቁ። «አሁንም። ዳግመኛ አይመጣም ብዬም አልምልልሽም። ማሽኑ ግን አያስፈልግሽም።»

ለአዲሶቹ ልጆች የምለው ይህን ነው። የበሽታው ስም በደንብ ባይታወቅም ስፖርቱ በየቀኑ ይሠራል። ደንበኛም ከተነገረው ይረዳል።

ወደ ሮቤ ከመመለሴ በፊት ኢብሳ ክፍል በር ላይ ቆሜ «ከተመለሰብኝስ?» አልኩት።

«ከተመለሰ ትመለሻለሽ» አለኝ። «አሁን ሂጂ፣ ሚኒባሱ ሊሞላ ነው።»