ከካርዱ ግርጌ ያለችው ነጥብ

ወንድሜ ፎቶኮፒ ቤት አለው። ቤት ማለት እንግዲህ ለስሙ ነው፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ዕጣው መንገድ ላይ መቆም ነው። ውስጡ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ክዳኑ በጎማ የታሰረ ፎቶኮፒ ማሽን፣ እሱ የሚቀመጥበት ወንበርና ማንም የማይቀመጥበት ወንበር አለ። ማንም የማይቀመጥበት ላይ ወረቀት ይከመርበታል። እሁድ ከሰዓት ልጠይቀው ስሄድ ወረቀቱን አንስቶ መሬት ላይ ያደርግልኛል፤ ስወጣ መልሶ ይከምረዋል።

በስምንት ዓመት ይበልጠኛል፤ "ወንድም ጋሼ" ነው የምለው። ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ስል ጨዋታ አያበዛም ማለቴ አይደለም፤ "እንዴት ነህ?" ሲሉት "ደህና" ብሎ ወሬውን እዚያው የሚቀብር ሰው ነው። ሚስቱ ሰባት ዓመት ታገሰችው። የሄደች ዕለት እኔ ቤት መጥታ "ወንድምሽ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ብቻዬን ብሆን ቢያንስ ሬዲዮ እከፍታለሁ" አለችኝ። በጊዜው ተቀየምኳት። እውነቷን እንደሆነ ግን ልቤ ያውቅ ነበር።

ድሮ እሱም እንደ ሰው ሁሉ በየቢሮው ያለውን የተለመደ ሲስተም ነበር የሚጠቀመው። ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ፍላሹ ደግሞ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ዓይናቸው እያየ ጠፋ። ልጅቷ በሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ወንድሜ በሳምንቱ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ተጋግዘው የሚሠሩትንና በነጻ የሚያድሉትን ሲስተም ጫነበት። ቫይረሱ ቀረ። በምትኩ ሌላው ጉድ ሁሉ መጣ። አንድ ጠዋት ድምፁ የለም፤ አንድ ጠዋት ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ አንዳንዴ "ራሴን ላድስ" ይልና ግማሽ ቀን አስጠብቆ ሲመለስ የአማርኛ ፊደሉን ጥሎት ይመጣል። ደንበኞቹ "ጋሼ፣ ምናለ እንደ ሰው ኮምፒውተር ቢኖርህ?" ይሉታል። እኔም እላለሁ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ይሠራል።

የከፋው ግን የግማሽ ወረቀቱ ነገር ነው። ሲስተሙ በግማሽ ወረቀት ሲያትም የመጨረሻዋን መስመር ይውጣታል። ስክሪኑ ላይ አለች፣ ወረቀቱ ላይ የለችም። የሠርግ ጥሪ ካርድ ደግሞ ግማሽ ወረቀት ነው፤ የመጨረሻዋ መስመር ደግሞ አዳራሹ የት እንደሆነ የምትናገረዋ ናት። አንዲት የሙሽራ እናት ሁለት መቶ ካርድ አድላ ከጨረሰች በኋላ መጣችና "አሁን ይሄን ሁሉ ሰው የት ልትሰበስብልኝ ነው?" አለችው። ለሁለት መቶ ሰው እየደወለ አዳራሹን የነገረው ራሱ ወንድሜ ነው። ለሚስቱ በሰባት ዓመት ያልተናገረውን በሁለት ቀን ተናግሮ ድምፁ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ነው ለሠሪዎቹ የጻፈው። ችግር የገጠመው ሰው የሚጽፍበት ገጽ አላቸው። ሦስት ቀን መዝገበ ቃላት እያገላበጠ፣ በማያውቀው እንግሊዝኛ፣ የትኛው መስመር በየትኛው ወረቀት ላይ እንደሚጠፋ አስረዳ። አንዱ "እኔ ጋ ይሠራል" ብሎ መለሰለት። አንዱ "መመሪያውን አንብብ" አለው። ሦስተኛው ደግሞ "ከፍለህ አልገዛኸውም፤ ካልተመቸህ ራስህ አስተካክለው" አለው። ይህን ሲያስነብበኝ ደሜ ፈላ። ከዚያ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

በሁለተኛው ወር ሰው ያልሆነ፣ ገጹን የሚጠብቅ ፕሮግራም አንድ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ስልሳ ቀን ሙሉ የተናገረ ሰው ስለሌለ በሳምንት ውስጥ ይዘጋል የሚል። ወንድሜ ቶሎ ብሎ "ችግሩ አሁንም አለ" ብሎ ጻፈ። ፕሮግራሙም ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ላይ ያለው ካሌንደር በየሃምሳ አምስት ቀኑ በቀይ እስክሪብቶ ይከበባል። ቀኗ ስትደርስ ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ጉዳዩ ሳይዘጋ ይከርማል።

በዓመቱ፣ ቀኗ ገና ሳትደርስ፣ ሌላ ሰው "ችግሩ እኔም ጋ አለ" ብሎ ጻፈ። ስሙን አልተናገረም፤ ገጹ ላይ "ማህተም ሠሪው" ነው የሚባለው። የት አገር እንደሚኖር አናውቅም። እሱም ትንሽ ሱቅ አለችው፤ እሱም በግማሽ ወረቀት ነው የሚሠራው። ዘዴ ያስተማረው ይኸው ሰው ነው። "ከመጨረሻው መስመር በታች አንዲት ነጥብ ጨምርበት። ነጥቧን ይውጥና ያንተን መስመር ይተውልሃል" አለው። ወንድሜ ሞከረው፤ እንዳለውም ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በግማሽ ወረቀት በሚያትመው ሁሉ ግርጌ ለመዋጥ የተዘጋጀች አንዲት ነጥብ አለች።

"ታዲያ መላ ካገኘህለት ለምን ትጽፋለህ?" አልኩት አንድ እሁድ።

"እንዳይዘጋ" አለኝ።

ተራ ገቡ፤ አንዴ እሱ፣ አንዴ ማህተም ሠሪው። ውሎ አድሮ ከዓረፍተ ነገሯ ጎን አንዳንድ ነገር መጨመር ጀመሩ። "ችግሩ አሁንም አለ። እዚህ ዝናብ ነው።" "ችግሩ አሁንም አለ። ዛሬ አንድም ደንበኛ አልመጣም።" "ችግሩ አሁንም አለ። የዘገየሁት ጉልበቴን አሞኝ ነው።" አራት ዓመት እንዲህ አለፈ።

አንድ እሁድ እኔ ስልኬን እየነካካሁ ተቀምጬ ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቀው "ጉልበቱ ተሻለው" አለ።

"የማን ጉልበት?"

"የማህተም ሠሪው።"

"እሺ" አልኩና ወደ ስልኬ ተመለስኩ። ወንድሜ በራሱ ፈቃድ ወሬ የጀመረባትን አንዲት ቀን እንዲህ አድርጌ ነው ያሳለፍኳት። አሁን ሳስበው ያመኛል።

እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነበር። በቀይ የተከበቡትን ቀኖች ሳይ አንጀቴን ይበላኝ ነበር፤ የሚሰማው አጥቶ አምስት ዓመት ደጅ የሚጠና ሰው መሰለኝ። እኔ የምሠራበት ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ አለን፤ ፕሮግራም መጻፍ ያውቃል። ዓይኔን በጨው አጥቤ ለመንኩት። አንድ ወር ሙሉ በምሳ ሰዓቱ እየቆፈረ፣ በመጨረሻ ሳቅ ብሎ ጠራኝና "አንዲት ቁጥር ናት እኮ!" አለኝ። የግማሽ ወረቀት ቁመት አንድ ቦታ ላይ አጥሮ ተጽፎ ኖሯል። አስተካክሎ ለሠሪዎቹ ላከላቸው፤ እነሱም ተቀበሉት። ለወንድሜ አልነገርኩትም። እስኪደርሰው ጠብቄ ፊቱን ላየው ፈለግሁ።

ማስተካከያው በወጣበት ሳምንት፣ እሁድ፣ ኬክ ገዝቼ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ያለውን ወረቀት አላነሳልኝም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። በትከሻው በኩል አየሁ፤ ያ ገጽ ነው። ከላይ "ተፈትቷል፤ ተዘግቷል" የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ከታች ማህተም ሠሪው ጽፏል፦ "እሰይ፣ በመጨረሻ ተሠራ! እንግዲህ መመላለሳችን ቀረ ማለት ነው። ደህና ሁን፣ ወዳጄ።" ይህን የጻፈው ሐሙስ ዕለት ነው። ወንድሜ ሳምንቱን በጉንፋን ተኝቶ ነበርና ሱቁን የከፈተውም፣ ሲስተሙ ራሱን ያደሰውም ዛሬ ነው። ቅዳሜ ያ ጠባቂ ፕሮግራም መጥቶ ገጹን ቆልፎታል። መልስ ይጻፍበት የነበረው ቦታ ላይ "ይህ ውይይት ተቆልፏል" ይላል።

"ወዳጄ ብሎኝ አያውቅም ነበር" አለ ወንድሜ።

ኬኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። "ወንድም ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያሠራሁት" አልኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ባለሙያውን፣ ምሳ ሰዓቱን፣ ቁጥሯን።

ዞሮ አየኝ። ቢቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክመሻል" አለኝ። ሂሳቡን ከፍሎ የሚወጣን ደንበኛ የሚያመሰግነው እንደዚያ አድርጎ ነው።

"በሌላ መንገድ ፈልገህ ጻፍለት እንጂ። ሰው በዚህ ዘመን ይጠፋል?"

"ስሙን አላውቀውም።"

"ቢሆንም ይገኛል፤ ባለሙያውን ልጠይቀው..."

"ቢገኝስ ምን ብዬ ልጻፍለት?" አለ። "አሁን እኮ ችግር የለም።"

ኬኩን ፎቶኮፒ ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩ። እሱም ወደ ሥራው ዞረ፤ ለሰኞ የሚደርስ የጥሪ ካርድ ነበረው። ፕሪንተሩ አጉረመረመና የመጀመሪያውን ካርድ ተፋ። አዳራሹ በቦታው አለ። ከአዳራሹ በታች፣ መሀል ላይ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ ወጥታለች። አራት ዓመት ሙሉ ስትዋጥ የኖረች ነጥብ ዛሬ የሚውጣት አጣች።

"አጥፋት፤ ከእንግዲህ አታስፈልግም" አልኩት።

ካርዱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አያት። "ትቆይ" አለ። ካርዱን ሲያስቀምጥ ደግሞ፣ "እሱም ጋ እየወጣች ይሆናል" አለ።

መቶ ሃምሳውንም ካርድ እንደዚያው አተመው። እኔ ወረቀቱን ከወንበሩ ላይ በገዛ እጄ አንስቼ መሬት አደረግሁና ተቀመጥኩ። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ያኔ ያለፍኩትን ወሬ ከብዙ ወር በኋላ አነሳሁና፣ "ጉልበቱስ እንዴት ሆነለት?" አልኩት።

እጁ ካርዶቹ ላይ ቆመ።

"እንጃ" አለኝ። "የመጨረሻው ላይ ስለ ጉልበቱ አልጻፈም።"