ከጣሪያዬ በላይ ያለው ተረከዝ

ደብዳቤው ተጽፎ ያለቀ ነበር፤ የቀረው የኔ ፊርማ ብቻ ነው። የጠረጠርኩትም ለዚሁ ነው። በዘገባ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ተዘጋጅቶ የመጣልኝ ምስክርነት ጤነኛ ሆኖ አግኝቼው አላውቅም።

ያመጣው ኖርዌይ ውስጥ፣ አመሩድ በሚባል ሰፈር በምንኖርበት ሕንፃ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር ጃፓናዊ ነው። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ጸጉሩ ትከሻው ላይ የሚወርድ፣ ካልሲው ሳይቀር ጥቁር የሆነ ሰው። የተዋወቅነው ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር። ጥቁር ካናቴራዎቹን ጥግ ከጥግ እየገጠመ እንደ ጋዜጣ ያጥፋቸዋል። ያኔ ጋዜጠኛ ነኝ ብዬ አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

በራችን ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ ጎንበስ አለ። «የመኖሪያ ፈቃዴ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። የተሰጠኝ በሙዚቀኛነት ነው። አሁን በእርግጥ እንደምጫወት ገለልተኛ ሰው ይመስክርልህ አሉኝ። እርስዎ ቢፈርሙልኝ?»

ኖርዌይኛ አንተንና እርስዎን አይለይም። እሱ ግን የሚናገረው ጎንበስ እያለ ስለሆነ፣ በአማርኛ ስጽፈው ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ደብዳቤው፣ ሰውዬው በቡድኑ ውስጥ ጊታር ሲጫወት በዓይኔ አይቻለሁ ይላል።

«አላየሁህም» አልኩት። «ፎቶግራፍ የለህም?»

«ሞልቷል።» ስልኩን ሰጠኝ። መድረክ ላይ አምስት ሰዎች ቆመዋል፤ አምስቱም ከእንጨት የተጠረበ ጭምብል አጥልቀዋል። «በግራ በኩል ያለው፣ ባለ ቀንዱ እኔ ነኝ።»

«እኔ ይህን በምን አውቃለሁ?»

ስልኩን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። የሚጫወቱት ሜታል ነው፤ ጊታሩ የሚያገሳበት፣ ዘፋኙ ከመዝፈን ይልቅ የሚጮህበት ሙዚቃ። በአገሩ የባቡር ምልክት መብራቶችን የሚጠግን ሠራተኛ ነበር። ይህ ሙዚቃ የሚከበረው ኖርዌይ ነው ብሎ ሥራውን ለቅቆ መጣ፤ ተፈትኖም አንድ ቡድን ውስጥ ገባ። የቡድኑ ደንብ ጥብቅ ነው፤ ማንም ያለ ጭምብል መድረክ አይወጣም፣ የማንም ስም አልበም ላይ አይጻፍም። አራት ዓመት ተጫውቶ፣ መጫወቱን የሚያሳይ አንድም ማስረጃ የለውም። የቡድኑ መሪ ደብዳቤ ጽፎለት ነበር፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ግን የጥቅም ተካፋይ ነው ብሎ አልተቀበለውም። ፈቃዱ ካልታደሰ ወደ ኦሳካ መመለስ ነው።

ለባለቤቴ ነገርኳት። የደሴ ልጅ ናት፤ ባርነሃገ በሚሉት መዋያ ሕፃናት ስትጠብቅ ውላ፣ ማታ እኔን ትጠብቃለች።

«ፈርምለት እንጂ! በአንድ ፊርማ ሰው ይጨክናል?»

«ሲጫወት አይተሽዋል?»

«ናይ፣ አላየሁትም። ሲረግጥ ግን ሰምቼዋለሁ። ወላሂ፣ መጀመሪያ አናጢ መስሎኝ ነበር።»

እውነቷን ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ ድምፅ ማጉያ ሲጫወቱት ወለል አልፎ አይሰማም። የሚሰማው ተረከዙ ነው። በየቀኑ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሦስት ፈጣን ምት፣ ዝምታ፣ ከዚያ አራተኛው። ከጣሪያችን ላይ ለወራት ሰምተነዋል። በዚህ ብቻ ግን አልፈርምም። ቅዳሜ ትቬይታ በሚገኘው የወጣቶች ቤት፣ በአሥር ሰዓት፣ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር የሚገቡበት ዝግጅት እንዳላቸው ጃፓናዊው ነገረኝ። መጥቼ እንደማይ፣ ያየሁትንም እንደምጽፍ ቃል ገባሁለት።

ከዚያ በፊት የቡድኑን መሪ ፈለግሁት። ማዮርስቱን ሰፈር ባለ የመነጽር መደብር ውስጥ የሚሠራ፣ ጢሙን በሥርዓት የተላጨ ኖርዌያዊ ነው። እሱም ጊታር ይጫወታል።

«ጃፓናዊው ጭምብሉን ሲያጠልቅ ልየውና ጉዳዩ ይለቅ» አልኩት።

«ናይ። ጋዜጠኛ መልበሻ ክፍል አይገባም። አንድ ፊት ካወቅህ አምስቱን ትጽፋለህ።»

«የምፈልገው አንዱን ብቻ ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» አለና በእጁ የያዘውን መነጽር ማጽዳቱን ቀጠለ።

አልተቀየምኩትም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አላስገባም ነበር። ግን ሰው ደንቡን እንደዚህ የሚያጠብቀው አንዳንዴ ክፍሉ ባዶ ስለሆነ ነው። ጃፓናዊው ከዓመት በፊት ተባርሮ ይሆን? ጥያቄውን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

ቅዳሜ ባለቤቴ ከባርነሃገው ሁለት የጆሮ መከለያ ይዛ መጣች፤ አንዱ ጥንቸል ተስሎበታል፤ ለእኔ የደረሰኝ እሱ ነው። ሙዚቃው ሲጀምር ደረቴ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ቦታውን ለቀቀ።

«ይሄ ዘፈን ነው ወይስ የጥርስ ሐኪም?» አለች ጆሮዬ ሥር እየጮኸች።

እኔ ግን ዓይኔን ከባለ ቀንዱ አልነቀልኩም። በግራ በኩል ቆሟል። እጁ ይሮጣል፤ እግሩ ግን እንደ ግንድ ነው። አንድ ዘፈን አለቀ፤ ሁለተኛውም። ተረከዙ አልተነሳም። ዋሽቶኛል ስል ደመደምኩ፤ አስቀድሞ የተጻፈውን ደብዳቤ ያየሁ ዕለት የጠረጠርኩት ይኸው ተረጋገጠ።

ባለቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። «የዚያኛውን እግር እይ!»

በቀኝ በኩል ሌላው ጊታሪስት አለ፤ አፍ የሌለው ጭምብል ያጠለቀ። ሦስት ፈጣን ምት። ዝምታ።

«ረሳው እንዴ?» አለች።

አራተኛው ወረደ።

«አናጢው ያ ነው! በአላህ፣ አናጢያችን!»

ሰዓቱን፣ ጭምብሉን፣ የቆመበትን ቦታ፣ «ረሳው እንዴ» ያለችውን ሳይቀር ጻፍኩ።

በማግሥቱ ጃፓናዊውን ጠየቅሁት። ጭምብሎቹ የማንም አይደሉም አለኝ፤ ከመድረክ በፊት ከከረጢት ዕጣ ይወጣሉ፤ ከጭምብሉም ጋር የመቆሚያው ቦታ ይለዋወጣል።

«ለምን አስቀድመህ አልነገርከኝም?»

«የቡድኑ ምስጢር ነው። እርስዎ ደግሞ ጋዜጠኛ ነዎት።»

የራሴን ደብዳቤ ጻፍኩለት። አፍ የሌለው ጭምብል ያጠለቀ ጊታሪስት ማየቴን፣ የተረከዙ ምት ከጣሪያዬ በላይ ለወራት ከሰማሁት ጋር አንድ መሆኑን፣ ፊቱን ግን አለማየቴን። ቆሞ አነበበው። መጨረሻው ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይህ ዓረፍተ ነገር የግድ ነው?»

«የግድ ነው።»

ጎንበስ ብሎ ወሰደው። እንዳልተደሰተ ያስታውቅ ነበር።

ደብዳቤው ከገባ ከአሥር ቀን በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጣሪያችን ላይ ሁለት ተረከዝ ሰማሁ። ምቱ አንድ ዓይነት ነው።

ባለቤቴ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «አናጢው ሁለት ሆነ።»

ለእሷ ቀልድ ነበር፤ ለእኔ አልነበረም። ያንን ምት ሁለት ሰው የሚመታው ከሆነ፣ ትቬይታ ያየሁት ማን እንደሆነ አላውቅም ማለት ነው። የተሳሳተ ምስክርነት በስሜ ገብቷል። በካልሲዬ ወደ ላይ ወጣሁ።

በሩን የከፈተው የመነጽር መደብሩ ሰው ነው፤ ጊታር አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ። ጃፓናዊው ከኋላው ብቅ አለ። «ምቱን እያስጠናሁት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት።»

ኖርዌያዊው ራሱን ነቀነቀ፤ ትንሽ ፈጠን ብሎ ነው የነቀነቀው። ሁለቱንም አላመንኳቸውም።

«እንግዲያው እንፈትነው» አልኩ። ባለቤቴን እላይ አስቀመጥኳት። ሳንቲም እየወረወረች በወጣው መሠረት አንዱን ወይም ሌላውን ታስመታለች፤ ቅደም ተከተሉን ወረቀት ላይ ትይዛለች። እኔ ቤቴ ወርጄ እሰማና የመሰለኝን እጽፋለሁ። ስምንት ጊዜ።

«እኔንም ትጠረጥረኛለህ?» አለች ሳንቲሙን እየተቀበለች።

«ለዚህ ነው ወረቀት የሰጠሁሽ።»

ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ሰማሁ። በሦስተኛው ላይ ልዩነቱ ገባኝ። ኖርዌያዊው አራተኛውን ምት ልክ በጊዜው ያወርዳል። ጃፓናዊው ያዘገየዋል፤ ሰው ረሳው እንዴ እስኪል ድረስ። ማስታወሻዬን ገለጥኩ፤ የባለቤቴ ቃል ቅዳሜ ከተጻፈበት ቦታ አልተነቃነቀም።

ወረቀቶቻችንን አስተያየን። ከስምንቱ ሰባቱን አግኝቻለሁ።

«ሁለተኛውን ስተሃል፣ ጌታው» አለች፤ ከሰባቱ ይልቅ እሱ ነው ያስደሰታት።

በዚያው ሳምንት ከመሥሪያ ቤቱ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ድምጿ የተረጋጋ ነው፤ የኔ ዓይነት ሰው መሆኗን ወዲያው አወቅሁ።

«ፊቱን ሳታይ ማንነቱን እንዴት ታረጋግጣለህ?»

ፈተናውን ከነሳንቲሙ ነገርኳት። «ከስምንት ጊዜ ሰባቱን በእግሩ ለይቼዋለሁ» አልኳት።

የኮምፒውተር ቁልፎች ሲንቋቁ ሰማሁ። «የቀረው አንዱስ?»

«ተሳስቻለሁ። እሱንም ጻፊው።»

ጻፈችው። አመሰገነችና ስልኩን ዘጋች።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው በራችን ተንኳኳ። ጃፓናዊው በአንድ እጁ ፈቃዱን ይዟል፤ ለአንድ ዓመት ታድሷል። ትከሻው ላይ ደግሞ የተጠቀለለ ወፍራም ምንጣፍ ተሸክሟል። ወለሉ ላይ ሊያነጥፈው ነው፤ ከእንግዲህ እኛን ላለመረበሽ።

እኔ ላመሰግነው አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ።

«ምን ሆነሃል? ወደ ሱቁ መልሰው!» አለችው በአማርኛ። «የዛሬ ዓመት እንደገና ሲጠይቁህ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሰምቶ ሊመሰክርልህ ነው?»

ተረጎምኩለት። ጥቂት አሰበና ምንጣፉን እንደተሸከመ ጎንበስ ለማለት ሞከረ። ወደ አሳንሰሩ ሲሄድ አየሁት። ወደ ታች ይሁን ወደ ላይ የወሰደው ግን አላየሁም፤ ስለዚህ በማግሥቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስኪሆን ወጥ ቤት ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ሦስቱ ወረዱ። አራተኛውም፣ ዘግይቶ።