በራችንን የጠበቀች ጎረቤት

መጀመሪያ ያየሁት በልጄ በምሕረት ቅልጥም ላይ የበለዘ ቦታ ነው። ገመድ ስትዘል ወድቃ ይሆናል ብዬ ናቅሁት። ቀጥሎ ድዷ ደማ። ትኩሳቷ አልበርድ አለ። ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ ላኩን። ሉኪሚያ ነው አሉን፤ የደም ካንሰር። ስድስት ዓመቷ ነበር። ሕክምናው ሲጀመር ፀጉሯ ረገፈ። እኔ አለቀስኩ። እሷ ግን "እማዬ፣ ማበጠሪያዬን ለማን እንስጠው?" አለችኝ።

ኬሞቴራፒው ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ። ያለቀ ዕለት እልል ልል ስል ሐኪሟ አንድ ነገር ጨመረች። "ሕፃን ሳለች ከክትባት ያገኘችው መከላከያ በሕክምናው ተዳክሞ ሊሆን ይችላል። የኩፍኝ ክትባት ሕያው ቫይረስ ስላለበት አሁን አንሰጣትም፤ ሰውነቷ እስኪያገግም ወራት እንጠብቃለን። እስከዚያ አደራ፣ ከኩፍኝ ጠብቂያት።"

እኔ የጎንደር ሰው ነኝ፤ ቡታጅራ ያመጣኝ መምህርነት ነው። እዚህ የታመመ ሰው ድኖ ሲመለስ ሰፈሩ ልጆቹን አስከትሎ ይመጣል፤ አገላብጦ ሳይስም የሚሄድ የለም። በዚያው ሰሞን ደግሞ ገጠሩ ውስጥ ኩፍኝ ገብቷል ተባለ። እንኳን ደስ ያለሽ ሊለኝ የመጣን ሰው በምን አፌ ልመልሰው? ጭንቅ ያዘኝ።

ፊት ለፊታችን በርበሬ የምትነግደው እትዬ ሩቂያ ይህን ሰማች። "አንቺ ብትመልሻቸው ኮራች ይሉሻል። እኔን ምን ይሉኛል? ድሮም አፈኛ ነኝ!" ብላ በርጩማዋን በራችን ላይ አኖረች። በርበሬዋን እየቀነጠሰች "አብሽሩ፣ ልጅቷ ደህና ናት፤ ዱዓችሁን ከዚሁ አድርጉ" እያለች መጪውን ሁሉ ትመልስ ጀመር። ልጇን ያላስከተበች እናት ካገኘችማ አትለቃትም፤ ጤና ጣቢያ ድረስ ትነዳታለች።

አንድ ጠዋት በርጩማው ባዶውን ነበር። እትዬ ሩቂያ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ጮኸች፦ "ማታ ከገጠር የመጣው የእህቴ ልጅ ሽፍታ ወጣበት! ኩፍኝ ነው መሰለኝ። እኔም አልመጣም፤ በሩን ራስሽ ዝጊው!"

ዒድ ሲደርስ እንኳ አልመጣችም። ምሕረት በመስኮት እጇን ስታወዛውዝላት እሷ ከማዶ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። ሌላውን ስትመልስ እስቅ ነበር፤ ራሷን ስትመልስ ግን አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

የእህቷ ልጅ ዳነ። ወራቱ አልፈው፣ የምሕረት ደም ተመርምሮ ሐኪሟ ስትፈቅድ ልጄ እንደገና ተከተበች። መርፌው ሲገባ አላለቀሰችም፤ "አሁን እትዬ ሩቂያ ትገባለች?" ብቻ አለች። ሐኪሟ ባለችን መሠረት ጥቂት ሳምንታት ታግሠን በሩን ከፈትን፤ የመጀመሪያዋ ገቢም እሷው ሆነች፣ ልጄን አገላብጣ እስኪበቃት ሳመቻት።

በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ ወላጆች፣ ኬሞው ሲያልቅ "ክትባቱስ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ የትኛው መቼ እንደሚሰጥ ሐኪም ይወስን። የቤታችሁንና የጎረቤታችሁን ልጆች አስከትቡ። ልጃችሁ ኩፍኝ ከያዘው ሰው ጋር ከተገናኘ ሽፍታ እስኪወጣ አትጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ሩጡ።

እትዬ ሩቂያን አመስግኜ አልጠግብም። በርጩማዋ ዛሬም በራችን ላይ ነው። ውሰጂው ስላት "ይቆይ" ትለኛለች፤ "ነገ የሌላ ሰው ልጅ ታክሞ ሲመለስ እቀመጥበታለሁ።"